ልባችን ቀዘቀዘ ለምትሉን
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አጻጻፋቸው ይለያይ እንጂ ጭንቀታቸው አንድ ነው፦ «ድሮ ስጸልይ ልቤ ይነካ ነበር፤ አሁን ጸሎቱ ከከንፈሬ አያልፍም።» ጥቂቶቹን መርጠን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሠረት መልሰናል። የእያንዳንዱን ሰው ልክ የሚያውቁት የንስሐ አባቱ ናቸውና፣ እዚህ የተጠቀሰውን ሰዓትና ቁጥር ይዛችሁ እርሳቸውን አማክሩ።

ጥያቄ፦ ያደግሁት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ውዳሴ ማርያም ስደግም እንባዬ ይመጣ ነበር። ከወለድኩ ወዲህ መጽሐፉን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጸሎት የሚባል ነገር አላደርስም። ከዚያ ይቆጨኝና አንድ ሌሊት ዳዊት ስደግም አድራለሁ፤ በነጋታው ያው ነኝ። የቀድሞው ፍቅር እንዴት ይመለስልኛል?
(የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅታችን፣ በዮሐንስ ራእይ ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን የተላከው መልእክት የእርስዎን ጥያቄ ይመልሳል። ጌታ ድካሟንና ትዕግሥቷን ከመሰከረላት በኋላ የቀደመውን ፍቅሯን እንደተወች ይነግራታል። መድኃኒቱ በሦስት ቃል ተቀምጧል፦ ከወዴት እንደወደቅህ አስብ፣ ንስሐ ግባ፣ የቀደመውን ሥራህን አድርግ (ራእ. 2፥4-5)። ስሜቱን ፈልገህ አምጣ የሚል ቃል የለበትም። ሥራው ይቀድማል፣ ፍቅሩ እየሞቀ ይከተላል።

ማታ በአመድ የተዳፈነ እሳት ጠዋት እንዴት እንደሚነሣ እርስዎም ያውቁታል። አመዱ ይገለጣል፣ ረመጡ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ቀጭን ጭራሮ ይጨመርበታል። በዚያች ረመጥ ላይ ግንድ የጫነ ሰው ያፍናታል እንጂ አያነዳትም። ከሁለት ሳምንት ዝምታ በኋላ አንድ ሌሊት ሙሉ ዳዊት መድገም ግንድ መጫን ነው። ሰውነት ይዝላል፣ በነጋታው ጸሎት ሲታሰብ ድካሙ ብቻ ይታወሳል፣ መጽሐፉም ዳግመኛ ለሁለት ሳምንት ይዘጋል።

ስለዚህ ለ40 ቀን በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ይያዙ፤ ከዚያ አይጨምሩ፣ አይቀንሱም። ሰዓቱን ልጆቹ ከመነሣታቸው በፊት ያድርጉት፣ ለምሳሌ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። ማታ ላይ የተቀጠረ ጸሎት በአብዛኛው እናት ቤት በእንቅልፍ ይሸነፋል። የጸሎት መጽሐፉን ማታውኑ አውጥተው ነጠላዎን ከላዩ ያድርጉበት። ጠዋት የሚፈለግ ነገር ከሌለ ለመቅረት የሚሆን ሰበብም ይቀንሳል።

ሲጀምሩ ነጠላዎን አጣፍተው ወደ ምሥራቅ ይቁሙና ግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም ሳይሉ ይቆዩ። ይህቺን ዝምታ አይዝለሏት፤ ከአልጋ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ንባብ የገባ ሰው ሐሳቡ ገና አልጋው ላይ ነው። ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ አማትበው ሦስት ጊዜ ይስገዱ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልና ጸሎተ ሃይማኖት፤ ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፤ ቀጥሎ አንድ መዝሙር ከዳዊት። በመጨረሻ ሁለት ደቂቃ በራስዎ ቃል ይነጋገሩ፤ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን፣ ያስቀየመዎትንም ሰው ስም እየጠሩ። በአቡነ ዘበሰማያት ይዝጉ።

ንባቡ ለራስ ጆሮ በሚሰማ ድምፅ ይሁን። በዓይን ብቻ ሲነበብ ዓይን ወደፊት ይሮጣል፣ ልብ ወደኋላ ይቀራል። ከሁሉም በላይ በየዕለቱ አንድ ሐረግ ይዘው ይውጡ። የሰኞው ውዳሴ ማርያም ሲጀምር «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ» ይላል፤ ልቡ ያዘነውንና የተከዘውን አዳምን ጌታ ነጻ ሊያወጣው ወደደ ማለት ነው። «ኅዙነ ወትኩዘ ልብ» የሚለው ላይ ቆም ይበሉ። ዛሬ በእርስዎ ቤት ልቡ የተከዘው ማን ነው? በልጅነትዎ በቃል ይዘውት ሳይታወቅዎ ያለፉት ቃል የእርስዎን ስም ይዞ ይገኛል። ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፉም ታክሲ ሲጠብቁም እሱኑ ይመላልሱት።

ስለ ዳዊቱ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። የግእዙ ዳዊትና በብዙዎች እጅ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥራቸው በአብዛኛው በአንድ ይለያያል። «ተሣሃለኒ እግዚኦ» በዳዊቱ 50ኛ ሲሆን በአማርኛው 51ኛ ነው። በግእዝ ደግመው ትርጉሙን በአማርኛ ሲፈልጉ ይህን ያስቡ። በቀን አንድ መዝሙር ከሆነ 150ው በአምስት ወር ያልቃል። ያ ከጸናልዎት በኋላ በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር ይዘው በ15 ቀን መዝለቅ ይችላሉ። የተለመደው የሳምንቱ ድልድል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዐርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ዐርብ 20 ብቻ መሆኑ አያታልልዎ፤ 176 ቁጥር ያለው መዝሙር 118 የሚውለው በዚሁ ቀን ነው። አሁን ወደዚህ አይሂዱ፤ የዛሬው ልክዎ አንድ መዝሙር ነው።

አንድ ቀን ቢቀርብዎት በማግስቱ እጥፍ አድርገው አይክፈሉ። ጸሎት እንደ ዕዳ መቆለል የሚጀምረው በዚህ ነው፤ ዕዳ የተቆለለበት ሰው ደግሞ ከአበዳሪው ይሸሻል። የቀረው ቀርቷል፣ የዛሬውን 15 ደቂቃ ይድገሙ። በተረፈ ከሰው ጋር ተቀያይመው ከሆነ ምንም ያህል ቢደግሙ ልብ አይከፈትም። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሄደህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የተባለው (ማቴ. 5፥23-24) በጎረቤትና በአማት መካከል ላለ ኩርፊያም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ግእዙም አይገባኝም። ቆሜ ሐሳቤ ሥራ ቦታ ይዞራል። ብዙ ጊዜ ወንጌል ሲነበብ እደርስና ትምህርት ተሰጥቶ ሲያበቃ እወጣለሁ። ከቆረብኩም ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለው ቅዳሴ እንዴት አድርጎ ነው ልቤን የሚያሞቀው?
(የ27 ዓመት ወጣት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ወንጌል ሲነበብ የምትደርስ ከሆነ ልብህን የሚያዘጋጀው ክፍል አምልጦሃል። ከቅዳሴው በፊት ጸሎተ ኪዳን ይደርሳል። ቅዳሴው ሲገባ ሦስት ምንባባት ይነበባሉ፦ ዲያቆኑ ከጳውሎስ፣ ንፍቅ (ረዳት) ዲያቆኑ ከሰባቱ መልእክታት፣ ንፍቅ ካህኑ ከሐዋርያት ሥራ። ቀጥሎ ከዳዊት የተወሰደው ምስባክ ይዜማል፣ ከዚያ ወንጌሉ ይነበባል። እነዚህ በዘፈቀደ የተደረደሩ አይደሉም፤ የዕለቱን ምሥጢር ከየአቅጣጫው የሚናገሩ ናቸው። ምስባኩ ብዙውን ጊዜ ሦስት መስመር ብቻ ነው፣ የቀኑ ቁልፍ ግን እሱ ውስጥ አለ።

መፍትሔው የሚጀምረው ቅዳሜ ማታ ነው። ግጻዌ የሚባለው መጽሐፍ የየዕለቱን ምንባብ፣ ምስባክና የሚቀደሰውን ቅዳሴ ይነግርሃል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጠይቀህ ቁጥሮቹን ያዝና አራቱን ምንባባትና ምስባኩን በአማርኛ አንብባቸው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። በማግስቱ ዲያቆኑ በግእዝ ሲያነብ የምትሰማው የምታውቀውን ታሪክ ይሆናል፤ ስሞቹን ስትሰማ ብቻ የት እንደደረሰ ትለያለህ። አሥራ አራቱን ቅዳሴያት ግእዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን ያደረገው መጽሐፈ ቅዳሴም በየመጻሕፍት መደብሩ ይገኛል።

ሁለተኛው ተሰጥዖ፣ ማለትም ሕዝቡ የሚመልሰውን መማር ነው። የሕዝቡን ድርሻ ለመዘምራን ትቶ ቆሞ የሚያይ ሰው ቢሰለች አይገርምም። በሳምንት አንድ ተሰጥዖ ከነትርጉሙ ያዝ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሀለነ»፣ አቤቱ ይቅር በለን፤ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ»፣ ከመንፈስህ ጋር፤ «አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲሉ «ርቱዕ ይደሉ»፣ እውነት ነው ይገባል። ከነዚህ ቀጥለህ «በከመ ምሕረትከ አምላክነ ወአኮ በከመ አበሳነ» የሚለውን ያዝ፤ አምላካችን ሆይ እንደ ቸርነትህ ነው እንጂ እንደ በደላችን አይሁን ማለት ነው። በሁለት ወር ውስጥ የቅዳሴው አጥንት በአፍህ ይሆናል።

ሐሳብህ ስለሚሄድ አትደንግጥ፤ የሁሉም ይሄዳል። ቅዳሴው ራሱ ይህን አውቆ የሚመልስበት ቦታ አዘጋጅቷል። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለቱ ነው፤ በሐሳቡ ሌላ ቦታ የተቀመጠውንም ይጠራል። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ይላል። ካህኑ ደግሞ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ሲሉ የምንመልሰው «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብለን ነው፤ ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለልን። እዚህ ጋ ራስህን ጠይቅ፦ አሁን ልቤ የት ነው ያለው? ቢሮ ከሆነ ከዚያው ጥራው። በእያንዳንዱ ቅዳሴ በነዚህ ሦስት ቦታዎች ብቻ ልብህን መልስ። መላውን ሰዓት ሳልዘናጋ እቆያለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው በ20 ደቂቃ ተስፋ ይቆርጣል።

ስልክህን ከቤት ትተህ ብትመጣ ትልቅ ትርፍ አለው፤ ኪስ ውስጥ ድምፁ የጠፋ ስልክም ይጠራል። ቅዳሜ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ያመሸ ሰው ደግሞ እሑድ ቅዳሴ ላይ የሚታገለው ከእንቅልፍ ጋር ነው። በር አጠገብ አትቁም፤ ወጪና ገቢ ስታይ ትውላለህ። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሳያሰናብትህም አትውጣ።

ዋናው ግን መቁረብህ ነው። ቅዳሴ ማዕድ ነው። በየሳምንቱ ማዕዱ አጠገብ ቆሞ ለዓመታት ሳይበላ የሚመለስ ሰው ለምን ብርታት አጣሁ ቢል መልሱ እዚያው ነው። ንስሐ ገብተህ፣ ቀኖናህን ፈጽመህ፣ በንስሐ አባትህ ፈቃድ ቅረብ። ከምግብና ከመጠጥ 18 ሰዓት መከልከል እንዳለብህ ታውቃለህ፤ ስሌቱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ለመቁረብ የመጨረሻው ምግብህ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት፤ ቅዳሜ እራት የለም ማለት ነው። በጊዜ የተወሰነ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት እንጂ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ጥያቄ፦ በባሕረ ሰላጤው አገር በሰው ቤት እሠራለሁ። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያን አልወጣም፣ የጸሎት መጽሐፍ የለኝም፣ ብቻዬን የምሆነው መታጠቢያ ቤት ብቻ ነው። እግዚአብሔርን የረሳሁት ይመስለኛል።
(አንዲት እኅት)

መልስ፦ እኅታችን፣ የረሳ ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም። ነህምያም በባዕድ አገር፣ በንጉሥ ቤት አገልጋይ ነበረ። የወይን ጽዋ እያቀረበ፣ ንጉሡ ጥያቄ ጠይቆት መልስ እየጠበቀ፣ በመካከሉ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ (ነህ. 2፥4)። ያን ጸሎት ከቆሙት ሰዎች ማንም አልሰማውም። ያንቺም ጸሎት እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ሐና ስትጸልይም ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። አንቺ ሥራ የማታቆሚ ከሆነ ሥራውን ደወል አድርጊው። ጠዋት ፊትሽን ስትታጠቢ አማትበሽ አቡነ ዘበሰማያት በይ። በሦስት ሰዓት፣ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ በወረደበት ሰዓት፣ ቤት እየጠረግሽ «ቅዱስ መንፈስህን ከእኔ አትውሰድብኝ» በይ። በስድስት ሰዓት፣ ጌታ በተሰቀለበት፣ ምሳ እያቀረብሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። በዘጠኝ ሰዓት፣ ነፍሱን አሳልፎ በሰጠበት፣ ዕቃ እያጠብሽ «ተዘከረኒ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ»፣ አቤቱ በመንግሥትህ አስበኝ። በሠርክ፣ ከመስቀል ወርዶ በተቀበረበት፣ እራት እያዘጋጀሽ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል። አልጋሽ ላይ ስትወጪ «ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ»። ሌሊት ከነቃሽ ሳትነሺ ማማተብ ብቻ ይበቃል። እያንዳንዱ ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም። ሰባቱንም ባንድ ቀን አትጀምሪ፤ በነግህና በንዋም ጀምሪ፣ በየሳምንቱ አንድ ጨምሪ።

መጽሐፍ ከሌለሽ አገር ቤት ያለ ሰው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በድምፅ ቀድቶ ይላክልሽ። በቀን ሁለት መስመር ብትይዢ ቀስ በቀስ በቃልሽ ይሆናል፤ በቃል የተያዘን ደግሞ ማንም አይወስድብሽም። ቅዳሴ በስልክ የምትከታተዪ ከሆነ ከሥራ ነጻ በሆንሽበት ሰዓት፣ ብትችዪ ቆመሽ፣ ተሰጥዖውን እየመለስሽ ይሁን። ልብስ እየተኮሱ የሚሰማ ቅዳሴ መልካም ድምፅ ነው፣ ያረጋጋል፤ እንደ ቅዳሴ ግን አትቁጠሪው። ቁርባንና ንስሐም በስርጭት አይተኩም። የዕረፍት ቀን የሚፈቀድልሽ ከሆነ ባለሽበት ከተማ የእኛ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ጠይቂ፤ ሳምንታዊ ዕረፍቱ ዐርብ በሆነባቸው አገሮች ዐርብ ዕለት የሚቀደስባቸው ቦታዎች አሉ።

ጾም ላይ የሚሰጥሽን ከመብላት በቀር ምርጫ ከሌለሽ ይህን ለንስሐ አባትሽ በስልክ ንገሪያቸውና የሚሉሽን አድርጊ። ሩዝና ዳቦ ለይተሽ መብላት ከቻልሽ መልካም፤ በዚያ ሙቀት እየሠራሽ ውኃ ሳትጠጪ መዋል ግን አትሞክሪ። ጸሎትሽ ለችግር የሚያጋልጥሽ ከሆነም በልብሽ ያዢው፤ የአንገት ማዕተብሽን ልብስሽ ውስጥ ብታስገቢው ክህደት አይደለም።

ጥያቄ፦ መዝሙር ስሰማ አለቅሳለሁ፤ ቅዳሴ ላይ ግን እንደ ድንጋይ ነኝ። እንባዬ የውሸት ነው ማለት ነው?
(ከዋሽንግተን አካባቢ)

መልስ፦ የውሸት አይደለም፤ ግን ብቻውን ሚዛን አይሆንም። ዜማ ሰውን ያነሣሣል፤ ቅዱስ ያሬድ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ የሠራው ዜማ ያለ ምክንያት በአምልኮው መካከል አልቆመም። የራሷን የቤተ ክርስቲያንን አካሄድ ግን ይመልከቱ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ። አገልግሎቱ ይቀጥላል፣ ጾመ ድጓው ይዜማል፣ መቋሚያው ይነሣል ይወድቃል፤ ልብ የሚያስፈነድቀው ድምፅ ብቻ የለም። ምእመኑ በየዓመቱ ወደ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ከበሮ እግዚአብሔርን መውደድ ይለማመዳል። ከዚያ በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ ደስታው የት እንዳደረ ያየ ያውቀዋል።

መዝሙሩን አይተዉት፣ ቦታውን ግን ያስተካክሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነዱ መኪና ውስጥ መዝሙር ይክፈቱና ከመድረስዎ አምስት ደቂቃ በፊት ያጥፉት። በዝምታው ውስጥ ልብዎ የተነሣበትን ጉዳይ ለእግዚአብሔር በራስዎ ቃል ይንገሩት፤ ይዘውት ይግቡ። በየቀኑ አዲስ መዝሙር እየቀያየሩ ከመስማትም አንዱን ይዘው ግጥሙን መመርመር ይሻላል። ንስሐ ግባ የሚል ግጥም አስለቅሶዎት በዚያው ሳምንት ወደ ንስሐ አባትዎ ካልደወሉ እንባው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ስግደት ስንት ልስገድ? መቼስ አይሰገድም?
(ከጎንደር)

መልስ፦ ቁጥሩን የሚሰጡዎት የንስሐ አባትዎ ናቸው። እስኪያገኙዋቸው ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት ይበቃል። የለመዱ ሰዎች 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ በመቁጠሪያ ይሰግዳሉ። ጉልበት፣ እጅና ግንባር መሬት ይነካሉ፤ ግንባርዎ መሬት ላይ ሳለ ጸሎቷን አንድ ጊዜ ጨርሰው ይነሡ። ከተጣደፈ ስፖርት ይሆናል፣ በሦስተኛው ቀንም ጉልበት ይታመምና ይቆማል። በሰንበታት፣ በጌታ በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትና ከቆረቡ በኋላ አይሰገድም። ነፍሰ ጡርና ወገቡን የሚያመው ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ቢነሣ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ወደ አንድ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ጸሎት ብቻ ሳይሆን ምንም ነገር ደስ አይለኝም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ መልሼ አልተኛም። ምግብ አስጠልቶኛል። ባልኖርስ ብዬ ያሰብኩባቸው ቀናት አሉ። እምነቴ ስለጠፋ ነው?
(የ44 ዓመት አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጻፍዎ ደግ አድርገዋል። ይህ ከላይ ከመለስናቸው ይለያል። የጸሎት መቀዝቀዝ የገጠመው ሰው ልጁ ሲስቅ ደስ ይለዋል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ የሚቸግረው ጸሎት ላይ ነው። እርስዎ የጻፉልን የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ከሁሉም ነገር ደስታ ማጣትና ሞትን ማሰብ ባንድ ላይ ሲመጡ የድባቴ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ይህ ሕመም የእምነት ጉድለት ማስረጃ አይሆንም፤ ሕክምናም አለው። በዚህ ሳምንት ውስጥ ሐኪም ጋ ይሂዱ። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልሆነም በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ይልክዎታል። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ዛሬ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ለባለቤትዎ ወይም ለቅርብ ሰው ይንገሩ፣ ብቻዎን አይደሩ፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጠበል ሲጠመቁ የታዘዘልዎትን መድኃኒት አያቁሙ። ድንገት የተቋረጠ የድባቴ መድኃኒት ሕመሙን መልሶ ሊያመጣውና ሊያባብሰውም ይችላል። የጸሎት ልክዎን ደግሞ እስኪሻልዎ ያሳንሱት፦ ጠዋት ማማተብና አንድ አቡነ ዘበሰማያት። የቀረውን ቤተሰብዎ ስለ እርስዎ ይጸልይ፤ ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ጣሪያ ነድለው ወደ ጌታ አውርደውት የለ? ከባድ ጾምና ስግደት በራስዎ ላይ አይጫኑ፤ ለንስሐ አባትዎም ሕመሙን ግልጽ አድርገው ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ንስሐ አባቴን ካየኋቸው ስድስት ዓመት ሆነኝ። መመለስ እፈልጋለሁ፣ ግን አፈርኩ። ምን ብዬ ልጀምር?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስልክ ደውለው «አባ፣ ቆይቻለሁ፣ ልምጣ?» ይበሉ። ከዚህ በላይ በስልክ አያስረዱ፤ ብዙ ሰው የስድስት ዓመቱን ታሪክ በስልክ ልንገር እያለ ሌላ ዓመት ያሳልፋል። አባ አርፈው ወይም ርቀው ሄደው ከሆነ በአጥቢያዎ ወዳሉ ካህን ሄደው ይህንኑ ይንገሯቸው። በሕይወት እያሉ ሌላ አባት መያዝ ከፈለጉ ግን አስፈቅደው ይሁን።

ከመሄድዎ በፊት ባሉት ሁለት ምሽቶች ብቻዎን ተቀምጠው ያስቡ። ዐሥርቱን ትእዛዛት አንድ በአንድ እየያዙ ማለፍ ነገሩን ያቀልለዋል። በወረቀት ቢጽፉ ከተናዘዙ በኋላ ይቅደዱት፤ ስልክ ላይ አይጻፉ። ሲቀርቡ በጣም ከሚያሳፍርዎ ይጀምሩ። ከቀላሉ የጀመረ ሰው ከባዱ ጋ ሲደርስ ድፍረቱ ያልቅና ሸፍኖት ይወጣል፤ ከዚያ ያቺ የተሸፈነችው እንደገና ለዓመታት ታርቀዋለች። የሌላ ሰው ኃጢአት አይናገሩ፣ ምክንያትም አያብዙ፤ «እንዲህ አድርጌአለሁ» በቂ ነው።

ቀኖና ሲሰጥዎ ጾሙም ስግደቱም ምጽዋቱም ለስንት ቀን እንደሆነ በትክክል ይጠይቁ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ ወይም ሕመም ካለብዎት እዚያው ይናገሩ፤ ሊያስተካክሉልዎ ይችላሉ። ከብዶዎት ዝም ብለው ተቀብለው ቤት ገብተው ቢተዉት ግን ዳግመኛ ማፈር ይጀምራሉ። ጨርሰው የሚመለሱበትን ቀን ከእርሳቸው ጋር ቆርጠው፣ መስቀል ተሳልመው፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» ተብለው ይውጡ። ስልኩን ዛሬ ይደውሉ።